ሰፈር ማን ይሠራዋል?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። አሁን በአንድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የፕላን ሥራ ላይ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ ነዋሪው ፕላን ማንበብ አይችልም። ስብሰባ ስንጠራው ወይ ያጨበጭባል ወይ ስለ ካሳ ብቻ ያወራል። ታዲያ ነዋሪ ማወያየት ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ?»

ጥያቄው ከልብ የመጣ ስለሆነ መልሱም ከልብ መሆን አለበት። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለዚህ የምመልሰው በማውቀው ነው፤ ከራሳችን አገር ታሪክ፣ ይልቁንም ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር እየጠቀስኩ። ከአንድ ሰው ጋር ከማወራው ደግሞ ሁላችሁም ብትሰሙት ይሻላል ብዬ እዚህ አወጣሁት። ከእናንተ መካከል ዛሬ መሐንዲስ የሆነ አለ፣ የቀበሌ ሠራተኛ የሆነ አለ፣ የእድር ጸሐፊ የሆነም አለ። ነገሩ ሁላችሁንም ይነካል።

1. ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ምን ይላል?

«ሰፈረ» ማለት ዐረፈ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። ቃሉ ከሠራዊት ጋር የኖረ ቃል ነው። በድሮው ዘመን ንጉሥ ወይም ራስ ሲዘምት የእሱ ድንኳን መሐል ላይ ይተከላል፤ ሌላው እንደ ማዕረጉ በዙሪያው ቦታ ይይዛል። ማዕረጎቻችንን ልብ ብላችሁ እዩዋቸው፦ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች ከቀኝ፣ ግራዝማች ከግራ። ሹመቱ ራሱ የሰፈር ፕላን ነበር ማለት እኮ ነው! ማን የት እንደሚያድር ገና ከመነሻው ታውቋል። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መልኳን የያዘችው በዚሁ ልማድ ነው። መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ ተመሩ፣ ተከታያቸው በዙሪያቸው ሰፈረ። ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ልማድ ትዝታ ናቸው።

የእኛዋ ደብረ ታቦርም የተወለደችው እንዲሁ ነው። በዘመነ መሳፍንት ራስ ጉግሳ መናገሻቸው አደረጓት፤ እስከ ራስ አሊ ድረስ የየጁ ራሶች መቀመጫ ሆነች። ቀጥሎ ዐፄ ቴዎድሮስ መጡ። ጋፋት ላይ የውጭ አገር ሚስዮናውያንን የእጅ ባለሙያዎች አስቀምጠው መድፍ አሠሩ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው የተቀለጠው። ያንን ብረት ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ ሲቆረጥ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር ያዩ ሰዎች ጽፈዋል።

ግን የታሪኩን ሌላ ገጽ አንርሳ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ሲነሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለዋት ሄዱ። የአንድ ሰው ሰፈር ነበረችና ሰውየው ሲነሣ አብራ ተነሣች። በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተመልሰው መቀመጫ አደረጓት፤ በ1872 ዓ.ም. እንግሊዛዊውን ጎርደንን ያነጋገሩት እዚሁ ነው። እሳቸውም ሄዱ፤ ቤተ መንግሥቱም ሄደ። ከተማዋ ግን አልሄደችም። ለምን? ገበያው፣ ደብሩ፣ ጠላ ሻጯ፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው ስለቀሩ ነው። ነገሥታት ያቋቋሙትን ሰፈር ከተማ አድርጎ ያቆየው እዚያው የቀረው ነዋሪ ነው።

ይህን የመጀመሪያ ትምህርት አድርጋችሁ ያዙልኝ፦ ሰፈርን ማንም ሊያቋቁመው ይችላል፤ የሚያቆየው ግን የሚኖርበት ነው።

2. መሥመር ያሰመረውና መሥመሩን የሞላው

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገባ ከተማ በወረቀት ላይ መንደፍ በትልቁ መጣ። የፋሺስቱ ፕላን ዋና ሐሳብ ከተማን በዘር መክፈል ነበር፤ ነጭ አንድ ወገን፣ ያገሩ ሰው ሌላ ወገን። በአዲስ አበባ የቆየውን የአራዳ ገበያ አንሥተው ላገሩ ሰው ብለው ወደ ከለሉት ወደ ምዕራብ ወሰዱት። መርካቶ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

አሁን አንድ ነገር እንጠይቅ። ዛሬ የምናውቀውን መርካቶ የነደፈው ማነው? መሥመሩን ጣሊያን አሰመረ፤ ሸማ ተራን፣ ቆርቆሮ ተራን፣ ምን አለሽ ተራን ግን ማንም የጣሊያን መሐንዲስ አልሳለም። ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያው፣ ተሸካሚው በየሥራው እየተሰባሰበ ሠራው። የተበላሸውን የሚጠግን፣ የተጣለውን የሚገዛ፣ የተጠገነውን የሚሸጥ ጎን ለጎን ሆነ። ዛሬ በትልልቅ ስብሰባ «ዘላቂነት» የሚባለውን ነገር ምን አለሽ ተራ ስሙን ሳይሰማ ሲሠራበት ኖሯል።

3. ቀበሌ፦ በተስፋ ተጀምሮ የት ደረሰ?

ወጣቶቻችሁ ቀበሌ ማለት መታወቂያ የሚያሳድሱበት ቢሮ ብቻ ይመስላችኋል። ቀበሌ የተወለደው ግን በሌላ ሐሳብ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። በዚያው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ነዋሪው መሪዎቹን እንዲመርጥ፣ አነስተኛ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች ራሱ እንዲያስተዳድር፣ በኪራዩ ገንዘብ ሰፈሩን እንዲያለማ። ወረቀቱን ብቻ ካያችሁት የነዋሪ ተሳትፎ በኢትዮጵያ ምድር እንደዚያ ተጽፎ አያውቅም።

ምን ሆነ? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ኪራዩ በጣም ዝቅ ስላለ ቤት የሚጠግን ገንዘብ ጠፋ። ተከራዩም የእኔ አይደለም ብሎ አላደሰም፤ ቀበሌውም አቅም የለኝም ብሎ አላደሰም፤ ጭቃ ቤቱ ከነነዋሪው አረጀ። ሁለተኛውና የከፋው፣ ፖለቲካው ሲጋጋል ቀበሌ የነዋሪው እጅ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ዓይን ሆነ። በቀይ ሽብር ዘመን ቀበሌ የሚለው ስም ምን ያስፈራ እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

ዛሬ አንድ አዛውንት የቀበሌ ስብሰባ ተጠርተው ጥግ ይዘው ዝም ቢሉ አይግረማችሁ። ዝምታቸው ባለማወቅ ላይመጣ ይችላል። ስብሰባ ላይ መናገር ዋጋ ያስከፈለበትን ዘመን ያዩ ናቸው። ጭብጨባውም ከዚያው ትምህርት ቤት የተገኘ ነው። ስለዚህ ነዋሪው ያጨበጭባል ብለን ከመውቀሳችን በፊት ማጨብጨብን ማን እንዳስተማረው እናስታውስ።

4. መንደር ምሥረታ፦ የቀጥታ መሥመር ፈተና

በአገራችን ታሪክ ነዋሪን ሳያማክሩ ሰፈር መንደፍ በትልቁ የተሞከረው በደርግ የመንደር ምሥረታ ነው። በሐረርጌ በስፋት ከተጀመረ በኋላ በ1978 ዓ.ም. አገር አቀፍ ዘመቻ ሆነ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ 12 ሚሊዮን ገደማ ገበሬ ከተበታተነ መኖሪያው ተነሥቶ በቀጥታ መሥመር በተቀየሰ መንደር ውስጥ ሰፍሮ ነበር።

ምክንያቱ ሲነገር ያማረ ነበር። ሰው ከተሰበሰበ ውኃም፣ ትምህርት ቤትም፣ ክሊኒክም በአንድ ቦታ ማቅረብ ይቻላል። እውነት ነው፤ ይቻላል። ግን ቀያሹ ያልጠየቀው ጥያቄ ነበር፦ ይህ ገበሬ ቤቱን እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ለምን ሠራ?

አገራችን ገበሬ ሰው ናትና መልሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቤቱ ማሳው አጠገብ የሆነው ዝንጀሮ ለመጠበቅ ነው። ጓሮው የሚያፈራው አመዱና ፍጉ በየቀኑ ስለሚደፋበት ነው፤ ጎመኑም ጌሾውም ከዚያ ይበቅላል። ቤቶቹ የተራራቁት አንዱ ጎጆ ሲቃጠል ሌላው እንዳይያያዝ፣ የአንዱ ከብት ሲታመም የሌላው እንዳይነካ ነው። በሩ ወደዚያ የዞረው ለነፋሱ ነው። ከሩቅ ለሚያይ የተዝረከረከ የሚመስለው አሰፋፈር የብዙ መቶ ዓመት ሒሳብ ነበረው። ቀያሹ ግን ያየው መዝረክረኩን ብቻ ነው።

ውጤቱን ታሪክ መዝግቦታል። ገበሬው ወደ ማሳው ረጅም መንገድ ሄደ፤ ሰብሉን አውሬ በላው፤ በብዙ ቦታ የተባለው ውኃና ክሊኒክ አልመጣም። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የኢኮኖሚ ፖሊሲውን ለወጥ አድርጎ መያዣውን ሲያላላ ገበሬው ማንንም አልጠየቀም። ቆርቆሮውንና እንጨቱን ነቅሎ፣ ተሸክሞ፣ ወደ ድሮው ቦታው ተመለሰ። ብዙ መንደር በወራት ውስጥ ባዶውን ቀረ።

ገበሬው በስብሰባ ያልተጠየቀውን አስተያየት በትከሻው ሰጠ። የቀድሞ ተማሪዬ «ማወያየት ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ» ላለው ይህ ዋናው መልሴ ነው። የነዋሪው አስተያየት መምጣቱ አይቀርም። ልዩነቱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ይመጣል ወይስ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

5. አውራ አምባ፦ ራሳቸው የነደፉት

በዚያው ዘመን፣ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ የተገላቢጦሹ ታሪክ እየተሠራ ነበር። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስትመጡ ፎገራ ወረዳ ውስጥ ወደ አውራ አምባ የሚያስገባውን መታጠፊያ ታውቁታላችሁ። የእስቴ ተወላጁ ዙምራ ኑሩ ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም። በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ይህን ማኅበረሰብ መሠረቱ። በደርግ ጊዜ ጠላት በዝቶባቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦንጋ ተሰደዱ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ ተይዞ ጠበቃቸው። የቀራቸው 17.5 ሄክታር ገደማ ነበር።

ለብዙ አባወራ ይህ መሬት በእርሻ አይበቃም። ተቀምጠው መከሩ፤ ከዚያ ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ንግድ ዞሩ። ሥራውን በኮሚቴ ከፋፈሉት፤ ኮሚቴውን የሚመርጠው አባሉ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ሠሩ፤ የሕፃናት ማቆያ ሠሩ፤ ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል። ምድጃቸውን ያየ ሰው ያስታውሰዋል፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በጭቃ የተሠራ፣ ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣ፣ እንጨት የሚቆጥብ ነው። ጭሱን የሚውጡትና ወገባቸው የሚጎብጠው ሰዎች ራሳቸው ስለመከሩበት እንዲያ ሆነ።

በሃይማኖት ነገር ከአካባቢው ጋር የማይስማሙበት አለ፤ እሱን ለራሳቸው እንተወው። ሌላም ሐቅ አለ። አውራ አምባ በአንድ ሐሳብ የተስማሙ ሰዎች መርጠው የገቡበት ቦታ ነው። የእኛ ሰፈር እንደዚያ አይደለም፤ ቄሱም፣ ሼኩም፣ ነጋዴውም፣ ተከራይ ተማሪውም፣ ጠጅ ቤቱም በአንድ ቅያስ ነው የሚኖሩት። ስለዚህ አውራ አምባን ገልብጦ መትከል አይቻልም። መውሰድ የሚቻለው አንድ ነገር ነው፦ ችግሩ የሚያመው ሰው መፍትሔው ላይ ሲቀመጥ መፍትሔው ይሠራል፤ ሲበላሽም የሚጠግነው አያጣም።

6. የድንጋይ ካቡ

ሁለተኛውም ምሳሌ ከደጃችን ነው። በደቡብ ጎንደር ከ1 ሺህ የሚበልጡ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉ። ከሰማይ ሲታዩ በቡናማ እርሻ መሐል የተበተኑ አረንጓዴ ነጥቦች ይመስላሉ። ምንጩን የሚጠብቀው፣ ንቡን የሚያኖረው፣ አገር በቀል ዛፉን ለዘር ያቆየው እነሱ ናቸው። ግን ከብት እየገባ፣ ማሳው ጠርዙን እየገፋ ይሸረሸራሉ።

የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እና አሜሪካዊቷ ዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ነገሩን ይዘው ወደ ካህናቱ ሄዱ። ከሳተላይት የተነሣውን ፎቶ አሳዩ፤ ደኑ እንዴት እየጠበበ እንደመጣ። ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር ተመከረና የተያዘው መንገድ ቀላል ነበር፤ የድንጋይ ካብ። ድንጋዩ ከየት ይምጣ? ከማሳው። ገበሬው ድንጋዩን ከእርሻው ሲለቅም ማሳው ለማረሻ ይመቸዋል፤ ድንጋዩ ደግሞ ደኑን ያጥራል። ከብት ሲከለከል ችግኙ ከሥር ይበቅላል።

እዚህ ላይ የሁለቱን ወገን ድርሻ ተመልከቱ። ገበሬው ከሰማይ ማየት አይችልም ነበር፤ ፎቶውን ባለሙያው አመጣ። ባለሙያው ደግሞ ካብ መካብና ካቡን መጠበቅ አይችልም ነበር፤ እሱን ነዋሪው አመጣ። ተሳትፎ ማለት ባለሙያው እውቀቱን ትቶ ቁጭ ይበል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ይዞ ይምጣ ማለት ነው።

7. ከተማስ?

ይሄ ሁሉ የገጠር ነው፣ ከተማ ሌላ ነው የሚል አይጠፋም። እሺ፤ ወደ ከተማ እንሂድ።

በደርግ ዘመን፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ቀበሌ 41 የኖርዌይ ሕፃናት አድን ድርጅት ሬድ ባርና ሥራ ጀመረ። ሥራውን የመሩት ከአብዮቱ በኋላ ለዓመታት ታስረው የወጡት ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ ነበሩ። ሰፈሩ ድሃ ነበር፤ ቤቱ ያዘመመ፣ መጸዳጃ የሌለው። እሳቸው አፍርሱት አላሉም። ቤቱ በቦታው እንዲታደስ፣ የጋራ መጸዳጃና ማእድ ቤት እንዲሠራ፣ ውኃ እንዲገባ፣ የጤና ሥራውም አብሮ እንዲሄድ አደረጉ፤ ነዋሪውም በኮሚቴ ተደራጅቶ ገባበት። ሰው ከእድሩ፣ ከጉርብትናው፣ ከጉልቱ ሳይነቀል ኑሮው እንዲሻሻል ማለት ነው።

ይህንን በኋላ ከመጣው የጋራ መኖሪያ ቤት ጋር አስተያዩት። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው ኮንዶሚኒየም ለብዙ ሰው ቤት ሰጥቷል፤ ይህ መካድ የለበትም። የእርድና የልብስ ማጠቢያ የጋራ ቤት ፕላኑ ውስጥ መግባቱም ነዳፊዎቹ የእኛን ኑሮ እንዳሰቡ ያሳያል። ግን ጎረቤትህን የሚመርጥልህ እጣ ነው። ከመሐል ከተማ የተነሣች እናት ቤቱን አገኘች እንበል፤ እድሯን፣ ደንበኛዋን፣ ልጇን የምታይላትን ጎረቤት ግን አጣች። በፕላን ወረቀት ላይ እነዚህ ምልክት የላቸውም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ሰው የሚቆመው በእነሱ ነው።

ከውጭም ሁለት ምሳሌ ልጨምር። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፋትሒ በአውሮፓውያን 1946 ሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የተባለ መንደር መሥራት ጀመረ። በጭቃ ጡብ፣ ባገሩ ጥበብ፣ ዛሬም ዓለም የሚያደንቀው ሥራ ነው። ነገር ግን መንግሥት ሊያነሣቸው የፈለጋቸው የጉርና ሰዎች አብዛኞቹ አልገባም አሉ። ኑሯቸው ከጥንቱ መቃብር አጠገብ ነበርና። ፋትሒ ስለ ቤታቸው አሠራር ያስብላቸው ነበር፤ «መነሣት ትፈልጋላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ግን ከእሱ በፊት በመንግሥት ተመልሶ አልቆ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ሰውን ስለ ቀለሙ ጠይቆ ስለ ቤቱ አለመጠየቅ ተሳትፎ እንደማይባል ነው።

ሁለተኛው የፓኪስታኗ ካራቺ ውስጥ ያለው ኦራንጊ ነው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ትልቅ የድሆች ሰፈር፣ ፍሳሽ በየመንገዱ የሚሄድበት። በ1980 አክተር ሐሚድ ካን የሚባሉ ሰው ሥራ ሲጀምሩ ነዋሪውን በቅያስ በቅያሱ አደራጁት። አንድ ቅያስ 20 እና 30 ቤት ነው፤ ተወካዩን ይመርጣል፤ ገንዘብ ያዋጣል፤ የቤቱን መጸዳጃና የቅያሱን ፍሳሽ መሥመር ራሱ ይቀብራል። ድርጅቱ ንድፉንና የቴክኒክ ምክሩን ይሰጣል። ዋናው ትልቁ መሥመር ደግሞ የመንግሥት ድርሻ ነው። ወጪው ማዘጋጃ ቤቱ ቢሠራው ከሚጠይቀው በብዙ አነሰ። አንድ ቅያስ ሲሠራ ያየ ሌላው ቅያስ ራሱ መጣ።

ይህን ሳነብ የመጣልኝ እድር ነው። 20 እና 30 ቤት፣ ተወካይ፣ መዋጮ፣ መዝገብ፤ እኛ እኮ ይሄን በእጃችን ይዘነዋል! ደቦና ወንፈል ያለው ሕዝብ መደራጀትን ማንም እስኪያስተምረው አይጠብቅም። የጎደለው ድርሻው በግልጽ ተለይቶ አለመነገሩ ነው፤ ይሄ ያንተ፣ ይሄ የመንግሥት ተብሎ።

8. ታዲያ ምን እናድርግ?

የ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ፣ ቁጥር 574፣ ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲሳተፍ ያዛል። መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሰነድ ነው። 10 ዓመት ማለት ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ እኔ ክፍል እስኪደርስ ማለት ነው። ስለዚህ ሕጉ አለ፤ የጎደለው አፈጻጸሙ ነው። ከላይ ካነሣነው ታሪክ ተነሥቼ ለተማሪዬም ለእናንተም የምለው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከአዳራሽ በፊት በእግር። ነዋሪው ካርታ አያነብም ይሆናል፤ ሰፈሩን ግን ያነባል። ደብረ ታቦር ተዳፋት ከተማ ናት፤ በክረምት ውኃው ከላይ ሲወርድ የትኛው ቅያስ እንደሚታፈን፣ የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ የትኛው መሬት ሥሩ ረግረግ እንደሆነ 40 ዓመት የኖሩ እናት ይነግሩሃል። ከእሳቸው ጋር አንድ ሰዓት ተራመድ። ጉና የሚወርደው ውኃ ወደ ርብና ወደ ጉማራ፣ ከዚያም ወደ ጣና ሲሄድ በየሰፈሩ ደጅ ነው የሚያልፈው። መንገዱን ብትዘጋበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ያም የሰው ቤት ነው።

ሁለተኛ፣ ቀድሞ መጠየቅ። ውሳኔው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ማስታወቂያ ነው። ነዋሪው ስለ ካሳ ብቻ የሚያወራው ሌላው ሁሉ እንዳለቀ ስለሚያውቅ ነው። ገና ሦስት አማራጭ ሳለ ጠይቀው፤ ስለ ሌላውም ያወራል።

ሦስተኛ፣ የማይጠራውን መጥራት። ስብሰባ የሚሞላው ቤት ባለውና አንደበት ባለው ነው። ተከራይዋ፣ ጉልት የምትቸረችረው፣ ውኃ የምትቀዳዋ ልጅ፣ በዊልቸር የሚሄደው ወጣት የሉበትም። ቱቦው የት ይሁን የሚለውን ጀሪካን ከሚሸከመው በላይ የሚያውቅ የለም። ቀኑ በገበያ ቀን ወይም በንግሥ ዕለት ከሆነ ደግሞ እንዳይመጡ ታስቧል ማለት ነው። በአዳራሽ ለመናገር የሚፈሩ በእድራቸው ወይም በሰንበቴያቸው ሲጠየቁ ይናገራሉ።

አራተኛ፣ መልሱን ይዞ መመለስ። ነዋሪው ያለው ሁሉ ይፈጸም አይባልም። ነዋሪም ይሳሳታል፤ የራሱን አጥር ወደ ጎርፍ መውረጃው የሚገፋ እኮ ከመካከላችን ነው። ጉልበተኛ በድሃው ስም የሚናገርበት ስብሰባም ሞልቷል። ግን «ያላችሁትን ሰምተናል፤ ይሄኛውን አደረግን፤ ያኛውን በዚህ ምክንያት አላደረግንም» ብሎ ተመልሶ የሚመጣ ባለሙያ የሚቀጥለው ስብሰባው ላይ ጭብጨባ ሳይሆን ሐሳብ ያገኛል። እምነት የሚሠራው እንደ ድንጋይ ካብ ነው፤ አንድ በአንድ።

ጊዜ ይወስዳል? አዎ፣ ይወስዳል። ነገር ግን የመንደር ምሥረታው በዘመቻ ፍጥነት ተሠርቶ በወራት ፈረሰ። የአውራ አምባ ሰዎች ተሰደው፣ መሬት አጥተው፣ ከ50 ዓመት በኋላም አሉ። የትኛው ፈጠነ?

አሁን ከተሞቻችን በሙሉ እየተቆፈሩ፣ እየተነጠፉ፣ እየሰፉ ነው። መንገድ ይሰፋል፣ ኮብልስቶን ይነጠፋል፣ የኮሪደር ልማት የሚባለውም ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች መጥቷል። ዛሬ የሚሰመረው መሥመር ልጆቻችን የሚያድጉበት ደጅ ነው። መንገዱ ይስፋ፤ ግን ውኃው በየት እንደሚሄድ፣ ጉልቷ የት እንደምትቀመጥ፣ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ የት እንደሚቀር አብሮ ይጠየቅ። ለቅሶ የሚቀመጥበት ሜዳ የሌለው ሰፈር ምን ዓይነት ሰፈር ነው?

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ ማርክ የለውም። ክረምቱ ሳይገባ በሰፈራችሁ ረጅም ዘመን ወደኖሩ አንድ እናት ወይም አባት ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ድሮ ውኃው በየት ይወርድ ነበር? እዚህ ቦታ ላይ ከዚህ በፊት ምን ነበር? ሰፈሩ አንድ ነገር ቢስተካከልለት ምን ይሁን ይላሉ? የሰማችሁትን ጻፉት፤ እድራችሁ መዝገብ ላይም አስቀምጡት። ከቻላችሁ እዚህ ሥር በአስተያየት አስፍሩልኝ፤ እኔ በየሰፈሩ ለይቼ አጠናቅረዋለሁ፤ ማዘጋጃ ቤት የምትሠሩም ገብታችሁ ታነቡታላችሁ። የማትስማሙበትም ካለ ሳትሳቀቁ ጻፉ፤ ክፍል ውስጥ እንደለመድነው በክርክር ነው የምንማረው።

ሰላም ሁኑልኝ። ሰላም ለአገራችን።